በፖስታው ላይ የሚጻፈው፦ ስለ ዘርና ስለ ቀንበጥ ልውውጥ ለአትክልተኞች የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የጓሮ አትክልት ወዳጆች፤

ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጓሮዬ ካፈራው ዝኩኒ አንዱን ፍሬ ሳልቀጥፍ ትቼ፣ ልጡ እስኪጠነክርና ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ ከነሐረጉ አቆየሁት፤ ከዚያም ሰንጥቄ ዘሩን አወጣሁ፣ አጥቤ በጥላ አደረቅሁ፣ እንደ ዛሬው ባለ የአትክልተኞች መሰባሰቢያም በዐሥራ አንድ ትናንሽ ፖስታዎች አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት። በፖስታዎቹ ላይ የጻፍሁት «ዝኩኒ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ፖስታዎቹ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላቸው አለቁ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። በተከታዩ ወቅት ለራሴ ያስቀረሁትን ዘርቼ የመጀመሪያውን ፍሬ ስቀምስ ግን ምላስ የሚያኮማትር ምሬት አገኘሁበት። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ለጌጥ ያሳደገው ባለ ብዙ ቀለም ትንንሽ ዱባ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ንብን አጥር አያግዳትም፤ የጌጡን ዱባ የአበባ ብናኝ ተሸክማ መጥታ በዝኩኒዬ ሴቴ አበባ ላይ አራግፋዋለች።

ይህ ምሬት የጣዕም ጉድለት ብቻ አይደለም። የዱባ ቤተሰብ ተክሎች ራሳቸውን ከተባይ የሚከላከሉበት ኩከርቢታሲን የሚባል መራራ ንጥረ ነገር አላቸው፤ ለምግብ የሚሆኑት ዓይነቶች በብዙ ትውልድ ምርጫ ከዚህ ነገር እንዲጸዱ ተደርገዋል፣ የጌጡ ዱባ ግን አልጸዳም። ሁለቱ ሲዳቀሉ ምሬቱ ይመለሳል፣ በመቀቀልም አይጠፋም፤ የበላውን ሰው በብርቱ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። በመጀመሪያው ዓመት ዘሩን ያወጣሁበት ፍሬ ምንም ምልክት አላሳየኝም ነበር፤ የፍሬው ሥጋ የእናቲቱ ተክል አካል ነውና ከየትም ብናኝ ቢመጣበት አይለወጥም፣ ድቅሉ የተደበቀው በዘሩ ውስጥ ነው። እኔም ያየሁትን ፍሬ አምኜ ያላየሁትን ዘር አደልሁ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ጉዳይ የማየው በአንድ መንገድ ነው። ዘር ወይም ቀንበጥ ለሌላ ሰው የሚሰጥ አትክልተኛ ምስክርነት እየሰጠ ነው። በፖስታው ላይ የተክሉን ስም ሲጽፍ «ይህን ብትዘራ ይህ ይበቅልልሃል» እያለ ነውና፣ ይህን ለማለት የሚያበቃው ዕውቀት ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለውም አለመኖሩን በዚያው ፖስታ ላይ መጻፍ አለበት። ዛሬ የምናገረው ይህ ምስክርነት በምን በምን ላይ እንደሚቆም ነው።

ለመስካሪው ከሁሉ የሚቀልለት በራሱ ብናኝ የሚያፈራ ተክል ዘር ነው። አተር፣ ፎሶሊያና ሰላጣ አበባቸው ገና ሳይፈነዳ ወይም በሚፈነዳበት ቅጽበት የራሳቸው ብናኝ በራሳቸው ሴቴ ዘንግ ላይ ስለሚያርፍ፣ ጎን ለጎን የተተከሉ ሁለት ዓይነቶች እንኳ ብዙ ጊዜ ሳይደባለቁ ያፈራሉ። ቲማቲምም ከእነዚሁ ይቆጠራል፤ ሆኖም በአንዳንድ ፍሬያቸው ትልልቅ በሆነ ጥንታዊ ዓይነቶች ሴቴው ዘንግ ከወንዴዎቹ ዘንጎች አልፎ ወደ ውጭ ብቅ ስለሚል፣ አበባውን ቀረብ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። ባቄላ ደግሞ ብዙዎችን ያሳስታል። የአተርና የፎሶሊያ ዘመድ ስለሆነ እንደ እነርሱ የሚታመን ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ንቦች ወደ አበባው አዘውትረው ስለሚመጡ ከአጎራባች ባቄላ ጋር በብዙ ይዳቀላል። ቃሪያም በመሠረቱ በራሱ የሚያፈራ ሆኖ ሳለ ለነፍሳት በሩን ክፍት የሚተው ነው፤ የሚያቃጥለውና የማያቃጥለው አንድ መደብ ላይ ከዋሉ በሚቀጥለው ዓመት «የማያቃጥል» የሚል ፖስታ የተቀበለ ሰው የሚደርስበትን ለመገመት አያዳግትም።

ስለ ተውህቦ፣ ማለትም የወላጅ ጠባይ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍበት ሕግ በትምህርት ቤት የምንማርለት ግሬጎር ሜንዴል፣ እ.ኤ.አ. በ1856 የአተር ማዳቀል ሙከራውን ከመጀመሩ በፊት ከዘር ነጋዴዎች 34 የአተር ዓይነቶችን ሰብስቦ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲፈትናቸው ቆየ፤ ከእነርሱም 22ቱን መረጠ። ሰዎች የሚያስታውሱት ከዚያ በኋላ ያገኘውን ውጤት ነው፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚማርከኝ ይህ የሁለት ዓመት ትዕግሥት ነው። ሰውየው የዘር ነጋዴውን ጽሑፍ አንብቦ አልረካም፤ ዘሩ ከዓመት ዓመት ራሱን መስሎ እንደሚወጣ በመደቡ ላይ አይቶ አረጋገጠ። ያ ጥንቃቄ ባይኖር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው ጽሑፍ ሁሉ አሸዋ ላይ በቆመ ነበር። እኛም አንድን ዓይነት ቢያንስ ሁለት ወቅት በራሳችን እጅ ሳናበቅል ለሌላ ባንሰጥ መልካም ነው፤ ይህ ለዘር ልውውጥ ጠረጴዛ የበዛ ጥብቅነት የሚመስላቸው እንዳሉ አውቃለሁ፣ እኔ ግን በዝኩኒው ምክንያት ጥብቅ ሆኛለሁ።

የሜንዴል ሥራ ዲቃላ ዘርን በተመለከተም ይጠቅመናል። ሁለት የተለያዩ ንጹሕ ዓይነቶች ሲዳቀሉ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፤ ከእርሱ የሚገኘው ሁለተኛው ትውልድ ግን የተደበቁትን ጠባዮች እየገለጠ ይበታተናል። በሚሸጥ የዘር ከረጢት ላይ «ኤፍ ዋን» የሚል ጽሑፍ ካለ በውስጡ ያለው ያ የመጀመሪያው ትውልድ ነው። «የዲቃላ ዘር መካን ነው፣ አይበቅልም» የሚል ወሬ በየቦታው ይሰማል፤ ትክክል አይደለም። ይበቅላል፣ ያፈራልም፤ ችግሩ እንደ እናቱ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ተክል ዘር የወሰደ ሰው በዚያው ስም ቢያድለው ሐሰት መስክሯል፤ «ከዲቃላ የተገኘ፣ ምን እንደሚወጣው አይታወቅም» ብሎ ጽፎ ቢሰጥ ግን ጉጉ ለሆነ አትክልተኛ ጥሩ ጨዋታ ሰጥቷል።

ከባዱ ነገር ያለው በሌላ ተክል ብናኝ የሚያፈሩት ዘንድ ነው። የበቆሎን ብናኝ ነፋስ ይወስደዋል፤ የቀይ ሥርም እንዲሁ፣ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ብዙ ርቀት ይጓዛል። ቀይ ሥርና ቆስጣ በዓይን ሲታዩ የማይገናኙ ይመስላሉ፣ በተፈጥሮ ግን አንድ ዝርያ ናቸውና በአንድ ጊዜ ካበቡ ይዳቀላሉ። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊም በመልካቸው ቢራራቁም አንድ ዝርያ ናቸው። በዱባ ቤተሰብ በኩል ደግሞ በየጓሮው የሚገኙት በአብዛኛው ኩከርቢታ ፔፖ፣ ኩከርቢታ ማክሲማና ኩከርቢታ ሞስካታ የሚባሉት ሦስት ዝርያዎች ናቸው፤ ከየዝርያው አንድ አንድ ዓይነት ብቻ የሚያበቅል ሰው፣ ጎረቤቱም ከረዳው፣ ያለ ብዙ ሥጋት ዘር ሊይዝ ይችላል። እኔ የሳትሁት እዚህ ላይ ነው፤ ዝኩኒውና የጌጡ ዱባ ሁለቱም ፔፖ ነበሩ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ ግን ማለዳ መነሣትን ይጠይቃል። በዋዜማው ምሽት፣ በማግስቱ ሊፈነዱ የተዘጋጁትን የዱባ ወንዴና ሴቴ አበቦች ጫፋቸው ቢጫ መሆን ሲጀምር ለይቶ በክር ወይም በወረቀት ማጣበቂያ ማሰር፤ በነጋታው ንብ ሳትቀድም ወንዴውን ቀጥፎ ቅጠሎቹን ገልጦ በሴቴው ውስጥ ማሸት፤ ከዚያም ሴቴዋን መልሶ አስሮ በፍሬዋ አንገት ላይ ምልክት ማኖር ነው። ያ ምልክት ያለው ፍሬ ብቻ ለዘር ይቀመጣል። ይህን ሥራ አንድ ጊዜ የሠራ ሰው በፖስታው ላይ «ብናኙ በእጅ የተሰጠ» ብሎ ሲጽፍ የሚሰማው ኩራት ተገቢ ነው እላለሁ።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ በአጭሩ ላክል። ከጥቂት ተክሎች ዘር መውሰድ ቲማቲምን ወይም አተርን አይጎዳም፤ በቆሎን ግን ያደክመዋል፤ ዘመድ ከዘመድ እየተዳቀለ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያጥራል፣ ያንሳል፤ ስለዚህ ቢያንስ ከመቶ ያላነሱ ተክሎች ሊኖሩት ይገባል፣ ያን ያህል ቦታ የሌለው ሰው ከሌሎች ጋር ተባብሮ ቢይዘው ይሻላል። ሁለተኛው፣ ለዘር የሚቀረው ከሁሉ የተሻለው ተክል እንጂ ከማእድ የተረፈው አይሁን። በተለይ ሰላጣ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ያሳዝነኛል፤ ቀድሞ ግንድ አውጥቶ ያበበውን «እነሆ ዘር ሰጠን» ብለን እንሰበስባለን፤ በዚህም ቶሎ ወደ አበባ የሚሸሽ፣ ቅጠሉን በወጉ ሳንበላው የሚያልቅ ሰላጣ እየመረጥን ለወዳጆቻችን እናድላለን። ቀድሞ ያበበው ተነቅሎ ይጣል፤ ዘሩ ከዘገየው ይወሰድ።

አሁን ስለ ማድረቅና ስለ ዕድሜ እንነጋገር። ጄምስ ሃሪንግተን የተባለ የዘር ተመራማሪ ያስተዋወቀው አንድ መመሪያ አለ፦ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ያህል ይረዝማል፤ የሚቀመጥበት ቦታ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ በቀነሰ ቁጥርም እንዲሁ። ይህ ግምታዊ ሕግ ነው፣ ለሁሉም ዘር በሁሉም እርጥበት አይሠራም፤ ግን ከሁለቱ ጠላቶች እርጥበት የባሰ መሆኑን ልብ ማለት ይበቃናል። በደንብ ያልደረቀ ዘር በላስቲክ ከተቋጠረ በሣምንታት ውስጥ ይሻግታል። የወረቀት ፖስታ ስለሚተነፍስ ለመስጫ የተሻለ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በሚገባ የደረቀውን ዘር ከነፖስታው ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ዕቃ ውስጥ ያኑረው። በምድጃ ማድረቅ ግን ዘሩን መግደል ነው። ፎሶሊያ መድረቁ የሚታወቀው ጠንካራ ነገር ላይ አድርገው በመዶሻ ሲመቱት ሲሰነጠቅ ነው፤ ከጠፈጠፈ ገና ነው። የቲማቲም ዘር ዙሪያውን የከበበው ዝልግልግ ነገር መብቀልን ስለሚከለክል፣ ከነጭማቂው ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጦ እንዲቦካ ማድረግ፣ ከዚያም አጥቦ ማድረቅ ይገባል፤ ሽታው ደስ አይልም፣ ውጤቱ ግን ንጹሕ ነው።

ዕድሜው እንደየዓይነቱ ይለያያል። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በላይ አይታመንም፤ ቲማቲም በደኅና ቦታ አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ የኪያርና የዱባ ወገን ደግሞ አምስት ዓመት ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ዓመት ያልተጻፈበት የሽንኩርት ዘር ፖስታ ባዶ ፖስታ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ስለ ዕድሜ ከተነሣ አይቀር፣ ዊልያም ቢል የተባለ የሚሺጋን መምህር እ.ኤ.አ. በ1879 ሃያ ጠርሙሶች በእርጥብ አሸዋና በልዩ ልዩ የዱር ተክሎች ዘር ሞልቶ በመሬት ውስጥ ቀበረ፤ ተተኪዎቹም በየረጅሙ ዘመን አንድ አንዱን እያወጡ ይዘራሉ። እ.ኤ.አ. በ2021፣ ከ142 ዓመት በኋላ፣ ከወጣው ጠርሙስ ውስጥ ቬርባስከም የሚባለው አረም በቀለ። ሰላጣ አይደለም፣ ሽንኩርትም አይደለም፤ አረም። ይህን ለመደብ አራሚ ሁሉ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በተቃራኒው መድረቅ የሚገድላቸው ዘሮች አሉ። የማንጎና የአቮካዶ ዘር ከደረቀ ሞተ ማለት ነው፤ እነዚህ በፖስታ ሳይሆን በእርጥብ ነገር ተጠቅልለው ከፍሬው እንደወጡ ወደሚዘሩበት እጅ መድረስ አለባቸው። ያም ሆኖ ከዘር የበቀለ አቮካዶ እንደ እናቱ ፍሬ እንደማይሰጥ ለተቀባዩ መንገር ተገቢ ነው።

ያረጀ ዘር ያለው ሰው ከመጣሉም ከመስጠቱም በፊት ይፈትነው። ሃያ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ወረቀት ላይ አስተኝቶ፣ ጠቅልሎ፣ በላስቲክ ከረጢት ሞቅ ባለ ቦታ ማስቀመጥና በየዓይነቱ ልማድ ከአንድ እስከ ሦስት ሣምንት መጠበቅ ነው። ዐሥራ አራቱ ከበቀሉ 70 በመቶ ነው፤ ይህ ቁጥር በፖስታው ላይ ይጻፍ። ስድስት ብቻ ቢበቅሉም መስጠት ነውር አይደለም፤ ተቀባዩ አብዝቶ ይዘራል። ነውሩ መደበቅ ነው።

አሁን ወደ ቀንበጥ ልሻገር። ዘር አዲስ ፍጥረት ነው፤ ተቆርጦ የተተከለ ቀንበጥ ግን ያው የድሮው ተክል ነው፣ በሌላ ቦታ ሲኖር። የወይን፣ የበለስ፣ የጽጌረዳ ወይም የሮዝመሪ ቀንበጥ የሰጠ ሰው ከዚያው ግለሰብ ተክል አካል ቆርሶ ሰጠ። ስለዚህ ስለ መዳቀል መጨነቅ የለበትም፤ የሚመሰክረው ስለ ሌላ ነገር ነው፣ ስለ ስሙና ስለ ጤናው።

ስለ ስሙ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በቻይና ዩናን ግዛት የሚበቅል፣ ፒሊያ ፔፔሮሚዮይዴስ የሚባል፣ ቅጠሉ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ የቤት ውስጥ ተክል አለ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አግናር ኤስፔግረን የተባለ የኖርዌይ ሚስዮናዊ ከቻይና ሲመለስ ይዞት መጣ። ተክሉ ከሥሩ ግልገል ችግኞችን አብዝቶ ያወጣልና፣ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ፣ ከመስኮት ወደ መስኮት እየተሰጠ በስካንዲኔቪያ፣ በኋላም በብሪታንያ ተሠራጨ። ያን ጊዜ ንግድ አልነካውም ነበር፤ ያሠራጨው ስጦታ ብቻ ነበር። በኋላ ግን ሰዎች ስሙን ለማወቅ በእንግሊዝ ወዳለው ኪው የእፅዋት ማዕከል ናሙና ሲልኩ ሊቃውንቱ ተቸገሩ፤ ተክሉ በእጽዋት ተመራማሪዎች ከተሰበሰበ ብዙ ዘመን አልፎት፣ ከምዕራቡ ሳይንስ ዓይን ርቆ ነበር፤ ኖርዌያዊው ድረስ ያለው መንገድ ተፈልጎ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ተክሉን በሺህ የሚቆጠሩ እጆች አሳልፈውታል፤ ስሙንና የመጣበትን አገር ግን ያሳለፈ አልነበረም። ልግስናችን እንዲህ ሰፊ ሆኖ ጽሑፋችን እንዲህ ጠባብ መሆኑ የእኛ የአትክልተኞች ጠባይ ነው።

አቆራረጡ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። አበባ ያልያዘ ጤናማ ቀንበጥ፣ ተክሉ ውኃ ጠግቦ ሳለ በማለዳ፣ ከአንጓው ሥር በንጹሕ ስለት ይቆረጣል፤ የታችኛው ቅጠል ይነሣል፣ ትልልቅ ቅጠል ካለውም ይቀነሳል፣ ሥር የሌለው ነገር ብዙ ቅጠል ሊያጠጣ አይችልምና። ለጉዞ የተቆረጠው ጫፍ በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ በላስቲክ ይያዛል፤ ውኃ የሚያከማቹ ወፋፍራም ተክሎች ግን በተቃራኒው ቁስላቸው እንዲደርቅ ጥቂት ቀን ያለ ውኃ ይቀመጣሉ፣ ከታሸጉ ይበሰብሳሉ። ቅጠላቸውን ያራገፉ የወይንና የበለስ እንጨቶችን የሚሰጥ ሰው ደግሞ የታችኛውን ጫፍ ቀጥ አድርጎ፣ የላይኛውን ሰያፍ አድርጎ ይቁረጥ። ኦክሲን የሚባለው የዕድገት ንጥረ ነገር ከላይ ወደ ታች ስለሚፈስ ሥር የሚወጣው ከታችኛው ጫፍ ነው፤ ተገልብጦ የተተከለ እንጨት ብዙውን ጊዜ ሳይሳካለት ይቀራል፤ ቅጠል በሌለው ዱላ ላይ ደግሞ ላዩን ከታቹ መለየት ከባድ ነው። ስሙም በእርሳስ ይጻፍ፤ የብዕር ቀለም በውኃና በፀሐይ ይለቃል።

«ቀንበጥ ያው ተክል ነው» ለሚለው ቃሌ አንድ አስገራሚ ልዩነት አለው። ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ቢጫ መስመር ያለው ሳንሴቬሪያ ብዙ ቤት ውስጥ አለ። ቅጠሉን ቆራርጠው ቢተክሉት ሥር ያወጣል፣ አዲስ ችግኝም ይሰጣል፤ ግን ችግኙ ቢጫው መስመር የለውም፣ አረንጓዴ ብቻ ነው። ምክንያቱም ያ መስመር ሁለት ዓይነት ሕዋሳት በተክሉ ውስጥ በንብርብር ጎን ለጎን ከመኖራቸው የመጣ ሲሆን፣ ከቅጠል ቁራጭ የሚነሣው ችግኝ ያንን ንብርብር አይወርስም። መስመሩን ማሳለፍ የሚፈልግ ሰው ከሥሩ ግልገል ይነቅል። ይህን የማያውቅ ሰጪ በቅን ልቡ ሳለ ሌላውን ያሳዝናል።

ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ የጤናው ጉዳይ ነው። ዘር በጥቅሉ ንጹሕ መንገደኛ ነው፤ አብዛኞቹ የተክል ቫይረሶች ከእናት ወደ ዘር አይተላለፉም፣ ምንም እንኳ የሰላጣንና የፎሶሊያን ሞዛይክ (ቅጠል የሚያዥጎረጉር ደዌ) የመሳሰሉ የሚተላለፉ ቢኖሩም። ቀንበጥ ግን የእናቱን ደዌ ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ በውስጡ ቫይረስ፣ በቅጠሉ ሥር ተባይ፣ በሥሩ ላይ ባለው አፈር ውስጥ ትላትል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የተባለችው ጥቃቅን ተባይ ከሰሜን አሜሪካ በመጡ የወይን ተክሎች አውሮፓ ገብታ የወይን እርሻዎችን ከሥራቸው እየበላች አወደመች፤ እስከ ዛሬም በአብዛኛው ዓለም የአውሮፓ ወይን የሚኖረው ተባይዋን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ተገጥሞ ነው። ያመጧት ሰዎች ተንኮለኞች አልነበሩም፤ አዲስ ተክል የወደዱ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ የሚያጠራጥር ቅጠል ካለው ተክል፣ ዝንጉርጉርነቱ ቢያምርም፣ ቀንበጥ አይቆረጥ። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲታለፍ ስለቱ ይጽዳ፤ የትንባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በእጅና በመሣሪያ ላይ ሳይሞት ስለሚቆይ ከቲማቲም ወገን ጋር የሚሠራ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። የሚሰጠው ነገር በተቻለ መጠን ያለ ጓሮ አፈር ይሁን። ተቀባዩም አዲሱን ተክል ከሌሎቹ ለይቶ ቢያንስ ሦስት አራት ሣምንት ያቆየው፣ የቅጠሉን ጀርባ በየጊዜው ይመልከት። ለመትከያ የሚሆን ድንችን ግን ጨርሶ ባንለዋወጥ እመርጣለሁ፤ በሽታ በመሸከም እንደ እርሱ ያለ ብዙ የለም፣ ከተመሰከረለት አቅራቢ ይገዛ።

ድንበር ማሻገርን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት መሠረቱ ይህ ሥጋት ነው፤ አገሮችም የጤና ማረጋገጫ ወረቀት የሚጠይቁት በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በብዙ አገሮች ሰዎች ያላዘዙት የዘር ጥቅል በፖስታ ሲደርሳቸው ባለሥልጣናቱ «አትዝሩት» ማለታቸውን ታስታውሳላችሁ። ለወዳጅ ተብሎ በደብዳቤ መሐል ተደብቆ የሚላክ ዘርም ከዚያ የተለየ አይደለም። እንደዚሁም አንዳንድ አዳዲስ ዓይነቶች የአዳቃይ መብት፣ ማለትም ዓይነቱን ላወጣው ሰው በሕግ የተጠበቀ መብት አላቸው፤ ለራስ ጓሮ ማባዛትና ለብዙ ሰው ማደል በሕግ ፊት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የሚስፋፋ ተክልም ከማስጠንቀቂያ ጋር ይሰጥ፤ እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ የዓለምን ሐይቆች የወረረው አበባው ስላማረ በሰው እጅ ተወስዶ ነው።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሰማ ሰው «ታዲያ ለምን እንለዋወጣለን? ገዝተን ብንተክል አይሻልም?» ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ዳያን ኦት ዊሊና ኬንት ዊሊ በአሜሪካ «ሲድ ሴቨርስ ኤክስቼንጅ» የተባለውን የዘር ጠባቂዎች ማኅበር ሲመሠርቱ መነሻቸው ከዳያን አያት የተቀበሏቸው ሁለት ዘሮች ነበሩ፤ አንዱ የሚጠመጠም ሐምራዊ አበባ፣ ሁለተኛው ሮዝማ ቲማቲም፤ የአያትየው ወገኖች ከባቫሪያ ሲሰደዱ ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። በማንም ነጋዴ መዝገብ ላይ አልነበሩም። አያትየው ለልጅ ልጃቸው ባይሰጡ ኖሮ ከእርሳቸው ጋር ባበቃላቸው ነበር። በየጓሮው እንዲህ ያለ፣ አንድ ሰው ብቻ የያዘው ዘር አለ፤ የዚያ ሰው የማከማቻ ጣሳ አንድ ክረምት ቢረጥብ የሚጠፋ። ለሁለተኛ ሰው መስጠት ማለት ሁለተኛ ማከማቻ ማግኘት ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ ነቀዝ የፈጀብኝን የአተር ዘር ከሦስት ዓመት በፊት ከሰጠኋት ሴት መልሼ ተቀብያለሁ።

እንግዲህ በፖስታው ላይ ምን ይጻፍ? የተክሉ ስም፣ ከታወቀም የዓይነቱ ስም፤ ካልታወቀ «ስሙ አይታወቅም» ይባል እንጂ ስም አይፈጠርለት፣ የተፈጠረ ስም አንዴ ከወጣ አይመለስምና። ዘሩ የተሰበሰበበት ዓመት። ከማን እንደተገኘ። በአቅራቢያው ምን አብቦ እንደነበረና ከመዳቀል ተጠብቆ እንደሆነ። የብቅለት ፈተና ውጤት። ቦታ ከተረፈም ቁመቱና የሚወደው ፀሐይ ወይም ጥላ። ፖስታው ጠባብ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ጀርባም አለው።

ሰጪውም ለራሱ ደብተር ይያዝ፤ ለማን ምን እንደሰጠ በአንድ መስመር ይመዝግብ። ዝኩኒዬ መራራ መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ እንዲህ ያለ ደብተር አልነበረኝም። በስብሰባው የነበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ እያጠያየቅሁ ከዐሥራ አንዱ ፖስታዎች የዘጠኙን ወሳጆች አገኘሁ፤ ከእነርሱም አንዷ ግማሹን ለእኅቷ ሰጥታ ነበርና እኅቲቱ ዘንድም ደረስሁ፣ ሐረጉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ሊለቀም አንድ ሣምንት ሲቀረው። ሁለቱን ፖስታዎች ማን እንዳነሣቸው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከእናንተ መካከል «ዝኩኒ» ከሚል ቃል በቀር ስምም ዓመትም የሌለበት ቡናማ ፖስታ በመሳቢያው ውስጥ ያለ ሰው ካለ፣ እባክዎ አይዝሩት።